ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ፦ መሬት፣ ሥራና ነፃነት በአንዲት ትንሽ የደሴት አገር

ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከጋቦን ጠረፍ በስተ ምዕራብ፣ ሳኦ ቶሜ በሚባለው ትልቁ ደሴትና ከእርሱ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በትንሹ ፕሪንሲፔ ላይ የቆመች ሪፐብሊክ ናት። የሁለቱ ደሴቶች ስፋት ተደምሮ ወደ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ የሕዝቧም ቁጥር ከ200,000 ጥቂት የሚያልፍ በመሆኑ፣ ከአፍሪካ ነፃ አገሮች መካከል በሁለቱም መለኪያ ከእርሷ የምታንሰው ሲሸልስ ብቻ ናት። የታሪኳ ክብደት ግን ከስፋቷ እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሰውን ከአገሩ ነቅሎ፣ በባርነት አስገድዶ፣ አንድን ሰብል ለሩቅ ገበያ የሚያመርተው የእርሻ ሥርዓት ወደ አሜሪካ አህጉር ተሻግሮ ከመስፋፋቱ በፊት በሰፊው ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይህች ምድር ነበረች።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ አንድ ነው። በሳኦ ቶሜ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ የተካሄደው ትግል መሬቱን ማን ያለማዋል፣ በማን ፈቃድ ያለማዋል፣ ፍሬውስ የማን ይሆናል በሚሉት ጥያቄዎች ዙሪያ የተካሄደ ትግል ነው። ስኳር፣ ቡና፣ ካካዎ፣ በመጨረሻም የነዳጅ ዘይት ተስፋ እየተፈራረቁ ቢመጡም፣ ባለሥልጣኑና ሰንደቅ ዓላማው ቢለወጥም፣ ጥያቄው ራሱ አልተለወጠም። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ምድሩና የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች

ደሴቶቹ ከባሕር ወለል በፈነዱ እሳተ ገሞራዎች የተሠሩ ናቸው። በሳኦ ቶሜ ደሴት ላይ የሚገኘው ከፍተኛው ተራራ 2,024 ሜትር ይደርሳል፤ በደቡብ ጫፍ ባለችው ሮላስ በተባለች ንዑስ ደሴት ላይ ደግሞ የምድር ወገብ ያልፋል። ከአትላንቲክ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ከተራሮቹ ጋር ሲጋጭ ደቡብ ምዕራቡ ከባድ ዝናብ ያገኛል፤ ሰሜን ምሥራቁ ግን ከተራሮቹ ጀርባ ስለሚውል ደረቅ ነው። ይህ የዝናብ ልዩነትና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ለም አፈር በአጭር ርቀት ውስጥ ልዩ ልዩ ሰብሎችን ለማብቀል የሚያስችል በመሆኑ፣ የደሴቱን ዕጣ ፈንታ ገና ከጅምሩ ከእርሻ ጋር አስተሳስሮታል።

የፖርቱጋል መርከበኞች በ1470 እና በ1471 አካባቢ ወደ ደሴቶቹ ሲደርሱ በዚያ የሚኖር ሰው አላገኙም። በመሆኑም ዛሬ በአገሪቱ የሚኖረው ሕዝብ በሙሉ ከሌላ ስፍራ የመጣ ወይም በግድ የመጣ ሰው ዘር ነው። ዘላቂው ሠፈራ የተጀመረው በ1493 ሲሆን፣ አልቫሮ ደ ካሚንያ የተባለው አስተዳዳሪ ከወንጀለኞችና ከሌሎች ሰፋሪዎች ጋር፣ ከወላጆቻቸው እቅፍ ተነጥቀው በንጉሥ ዦአው 2ኛ ትእዛዝ የተጫኑ አይሁዳውያን ሕፃናትንም ይዞ ሄደ። የእነዚህ ሕፃናት ወላጆች ከስፔን ተባረው ወደ ፖርቱጋል የገቡ ስደተኞች ነበሩ፤ ከሕፃናቱ አብዛኞቹም በማያውቁት የአየር ጠባይና በበሽታ ምክንያት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቁ። የደሴቱ የሰው ታሪክ በግድ በመጡ ሰዎች መጀመሩ ኋላ ለሚከተለው ሁሉ መነሻ ሆነ።

ስኳር፣ ባርነትና ዓመፅ

ሰፋሪዎቹ ከዋናው አፍሪካ፣ በተለይም ከቤኒንና ከኮንጎ ጠረፍ፣ በባርነት የተገዙ ሰዎችን እያመጡ ሸንኮራ አገዳ ማልማት ጀመሩ። በወራጅ ወንዞች ኃይል የሚሠሩ የአገዳ መጭመቂያዎች በሰሜኑ ዳርቻ ተተከሉ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽም ሳኦ ቶሜ ለአውሮፓ ገበያ ስኳር ከሚያቀርቡ ዋና ዋና ስፍራዎች አንዷ ሆነች። ከዚህ ጎን ለጎን ደሴቱ የባሪያ ንግድ መጋዘን ነበር፤ ከኮንጎና ከአካባቢው የተያዙ ሰዎች እዚያ ከቆዩ በኋላ አንድም ወደ ወርቁ ጠረፍ (ወደ ዛሬዋ ጋና)፣ አንድም ወደ አሜሪካ ይጫኑ ነበር። የኮንጎው ንጉሥ አፎንሶ 1ኛ በ1526 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ በጻፉት ደብዳቤ ነጋዴዎች የአገራቸውን ሰው፣ የመኳንንት ልጆችን ሳይቀር፣ እየነጠቁ እንደሚሸጡ አምርረው ገልጸዋል፤ ከነጠቃው ትርፍ ካገኙት መካከል የሳኦ ቶሜ ነጋዴዎች ዋነኞቹ ነበሩ።

ሆኖም ባርነቱ ያለ ተቃውሞ አልቆየም። ከእርሻዎቹ ያመለጡ ሰዎች በደን ወደተሸፈኑት ተራሮች እየገቡ የራሳቸውን መንደሮች መሠረቱ፤ ከዚያም እየወረዱ የስኳር እርሻዎችን ያጠቁ ነበር። በ1595 አማዶር የተባለ በባርነት ይኖር የነበረ ሰው ብዙ ሺህ ሰዎችን አስከትሎ ተነሣ፤ ራሱንም የደሴቱ ንጉሥ ብሎ ሰየመ፤ በርካታ የአገዳ መጭመቂያዎችንም አቃጠለ። ዓመፁ በመጨረሻ ተመትቶ አማዶር በ1596 መጀመሪያ ላይ ቢገደልም፣ የስኳሩ ሥርዓት ከዚያ በኋላ አላገገመም። በፍርሃትና በብራዚል በሚጠብቃቸው ሰፊ መሬት ምክንያት ብዙ ባለ እርሻዎች ወደ ብራዚል ተሻገሩ፤ በሳኦ ቶሜ የተፈተነውን የእርሻ አሠራርም ይዘውት ሄዱ። ዛሬ በአገሪቱ በጃንዋሪ ወር መጀመሪያ ላይ የሚከበረው የንጉሥ አማዶር ቀን ብሔራዊ በዓል ነው።

ሁለት የሕዝብ ክፍሎች የተፈጠሩት በዚህ ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ ፎሮ የሚባሉት ሲሆኑ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎችና በሰፋሪዎችና በአፍሪካውያት እናቶች መካከል የተወለዱ ልጆች ዘር ናቸው። የፖርቱጋል ዘውድ በ1515 እና በ1517 ባወጣቸው ድንጋጌዎች ለመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ተሰጥተው የነበሩትን አፍሪካውያን ሴቶችና ልጆቻቸውን፣ ቀጥሎም ወንዶቹን ነፃ አውጥቷቸዋል፤ በዚህም ደሴቱ ገና ከጥንት ጀምሮ ጠንካራ ነፃ ጥቁር ኅብረተሰብ ኖረው። ሁለተኞቹ በደቡብ ጠረፍ በዓሣ ማጥመድ የሚኖሩት አንጎላሮች ናቸው፤ ስለ አመጣጣቸው የሚነገረው አፈ ታሪክ ከተሰባበረ የባሪያ መርከብ ዋኝተው የዳኑ ሰዎች ልጆች ናቸው ቢልም፣ የታሪክ ተመራማሪዎች በብዛት የሚቀበሉት ከእርሻ አምልጠው በጫካ ነፃ ሆነው የኖሩት ሰዎች ዘር መሆናቸውን ነው።

የካካዎ ዘመንና የሮሳ ሥርዓት

ከስኳሩ ውድቀት በኋላ ደሴቶቹ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የመርከቦች ስንቅ ማቅረቢያ ሆነው ቆዩ። ለውጥ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡናና ካካዎ ከብራዚል ተሻግረው ሲተከሉ ነው። ቡናው ጥንተ መሠረቱ ከኢትዮጵያ ደን የሆነው ዝርያ ነበር፤ በቀዝቃዛው ደጋ፣ ሞንቴ ካፌ በተባለው እርሻ፣ በጥሩ ሁኔታ ሰመረ። ሀብቱን ያመጣው ግን ካካዎ፣ ማለትም ቸኮሌት ከፍሬው የሚሠራበት የዝናባማ ቆላ ዛፍ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት ይህች ትንሽ አገር ለአጭር ጊዜ በዓለም ቀዳሚ የካካዎ አምራች ለመሆን በቃች፤ በ1913ም ምርቷ ወደ 36,000 ቶን ደረሰ።

ይህ ምርት የተገኘው ሮሳ በተባሉ ሰፋፊ የግል እርሻዎች ነው። ሮሳ ከእርሻ በላይ የሆነ፣ በራሱ የሚተዳደር መንደር ነበር። በመካከሉ ሰፊ አደባባይ አለ፤ በአንድ ወገን የአስተዳዳሪው ፎቅ ቤት፣ በሌላው ወገን ሠራተኞቹ የሚያድሩባቸው በረድፍ የተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች፣ ከእነርሱ አጠገብ ሆስፒታል፣ ቤተ ክርስቲያንና መጋዘን ይገኛሉ። ደወል ሲደወል ሠራተኞቹ ንጋት ላይ በአደባባዩ ተሰልፈው ይቆጠራሉ፤ ማታም እንደዚሁ። ካካዎው ከግንዱና ከቅርንጫፉ ላይ ተለጥፎ ከሚያድግ እንክብል ውስጥ ይገኛል፤ ሠራተኛው እንክብሉን ቆርጦ በገጀራ ይሰነጥቀውና በነጭ ለስላሳ ሥጋ የተሸፈኑትን ፍሬዎች ያወጣል። ፍሬዎቹ በእንጨት ሣጥን ተከምረው ለአንድ ሳምንት ያህል እየተገላበጡ ይብላላሉ፤ የቸኮሌቱ ጣዕም መሠረት የሚጣለውም በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም በፀሐይ ይሰጣሉ ወይም በእሳት በሚሞቅ ወለል ላይ ይደርቃሉ፤ በመጨረሻም በጠባብ ሐዲድ ላይ በሚሄድ ፉርጎ ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ።

ዋናው ጥያቄ ይህን ሁሉ ሥራ ማን ይሠራዋል የሚለው ነበር። ባርነት በሳኦ ቶሜ በ1875 ሲቀር ነፃ የወጡት ሰዎች እርሻዎቹን ጥለው ወጡ፤ ፎሮዎችም የሮሳ ሥራ የባርነት ምልክት ነው ብለው ስለሚያምኑ እጃቸውን ለእርሻው ሥራ አልሰጡም። ስለዚህ ባለ ሮሳዎቹ ሰርቪሳል የሚባሉ የኮንትራት ሠራተኞችን በተለይም ከአንጎላ ማስመጣት ጀመሩ። በወረቀት ላይ ሠራተኛው ለአምስት ዓመት በፈቃዱ የተቀጠረ ነበር፤ በተግባር ግን ብዙዎቹ ከአንጎላ ውስጣዊ ክፍል ተገዝተው ወደ ወደብ የተነዱ ሲሆኑ፣ ውላቸው ሲያልቅ ሳይጠየቁ ይታደስ ነበር። እስከ 1908 ድረስ ወደ አገሩ የተመለሰ አንጎላዊ ሠራተኛ የለም ለማለት ይቻላል።

ይህ ሁኔታ ዓለም አቀፍ ቅሬታ አስነሣ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ሄንሪ ኔቪንሰን በ1904 እና በ1905 አንጎላንና ሳኦ ቶሜን ተመልክቶ ያየውን በ1906 በመጽሐፍ አሳተመ። የሳኦ ቶሜን ካካዎ በብዛት ይገዛ የነበረው የእንግሊዙ ቸኮሌት አምራች ካድበሪ ጉዳዩን ከ1901 ጀምሮ ሰምቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ለሽያጭ የቀረበ የአንድ ሮሳ ማስታወቂያ ሠራተኞቹን ከንብረቱ ጋር ቆጥሮ ዘርዝሯቸው ነበርና። ሆኖም ካድበሪ፣ ፍራይና ራውንትሪ ካካዎውን መግዛት ያቆሙት በ1909 ነው። ካድበሪ ስሜን አጥፍቷል ብሎ በአንድ የለንደን ጋዜጣ ላይ በመሠረተው ክስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢረታም፣ የጁሪው አባላት የፈረዱለት ካሣ አንድ ፋርዚንግ፣ ማለትም በዘመኑ ከነበሩት የእንግሊዝ ሳንቲሞች ሁሉ አነስተኛዋ ብቻ ነበረች። በዚህም የችሎቱ አዳራሽ የካካዎውን ዋጋ በሠራተኛው ሕይወት መዝኖ አሳየ።

በተመሳሳይ ዓመታት የተፈጸመው ሌላ ለውጥ ከክሱ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። በወርቁ ጠረፍ፣ በዛሬዋ ጋና፣ ትንንሽ ገበሬዎች በራሳቸው መሬት፣ በራሳቸውና በቤተሰባቸው ጉልበት ካካዎ እየተከሉ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ከዓለም አንደኛ ሆኑ። ሳኦ ቶሜ ግን አፈሯ እየደከመ፣ የዛፍ ተባይ እየበዛባት ወደ ኋላ ቀረች። በግድ የተሠራው ሥራ በፈቃድ በተሠራው ተሸነፈ፤ የሮሳው ሥርዓት ግን ከዚህም በኋላ ስድሳ ዓመት ቀጠለ። የፕሪንሲፔው ሱንዲ ሮሳ በሳይንስ ታሪክ ስሟ የሚነሣው በ1919 ሜይ 29 ቀን እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን የፀሐይ ግርዶሽን እዚያ አጥንቶ የአልበርት አንስታይንን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ የሚደግፍ ማስረጃ በማግኘቱ ነው፤ በዚያው ግቢ ጎሕ ሲቀድ በደወል የሚሰለፉት ሠራተኞች ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይነሡም።

ባቴፓና ነፃነት

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሠራተኞች ከሞዛምቢክና ከኬፕ ቨርድም ይመጡ ነበር፤ በ1940ዎቹ በኬፕ ቨርድ የደረሰው ከባድ ረሃብ ብዙ ሺህ ሰዎችን ወደ ሮሳዎቹ ገፍቷል። በደሴቱ የተወለዱት የኮንትራት ሠራተኞች ልጆች ቶንጋ ይባሉ ነበር። ሥልጣን የያዘው ካርሎስ ጎርጉልዮ የተባለው ገዢ ደግሞ የጉልበት እጥረቱን ለማስወገድና የመንግሥት ሥራዎችን ለማስፋፋት ፎሮዎችን በፖሊስ አፈሳ ያሠራ ጀመር። ፎሮዎችም በኮንትራት ሊመዘገቡ ነው የሚለው ወሬ ሲናፈስ፣ ሕዝቡ ለተቃውሞ ተነሣ። በ1953 ፌብሩዋሪ 3 ቀን ባቴፓ በተባለ መንደር የተጀመረው ተኩስ ለቀናት ቀጥሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ሌሎችም ፈርናኦ ዲያስ በተባለ የባሕር ዳርቻ ካምፕ ታስረው ተሰቃዩ። ዕለቱ ዛሬ የነፃነት ሰማዕታት ቀን ሆኖ ይታሰባል። የፎሮዎች ቁጣ ዋና መነሻ ለዘመናት የጠበቁት የሥራ ነፃነት መደፈሩ ነበር።

በ1960 የተመሠረተው የነፃነት ንቅናቄ በስደት ከቆየ በኋላ፣ በፖርቱጋል በኤፕሪል 1974 የተካሄደው አብዮት ፈላጭ ቆራጩን መንግሥት ሲጥል ለነፃነት መንገድ ተከፈተ። በ1975 ጁላይ 12 ቀን ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ነፃ ወጥታ ማኑኤል ፒንቶ ዳ ኮስታ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የብሔራዊ መዝሙሩን ግጥም የጻፉትም ስለ ባቴፓ በግጥሞቻቸው የመሰከሩት አልዳ ኤስፒሪቶ ሳንቶ ናቸው። አዲሱ መንግሥት በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 ሮሳዎቹን በሕግ ወረሰ፤ በአሥራ አምስት የመንግሥት ድርጅቶችም አዋቀራቸው። ነገር ግን ባለሙያዎቹ ፖርቱጋላውያን በመሄዳቸው፣ የካካዎ ዋጋም በመዋዠቁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛው ጌታው ቢለወጥም አሁንም ደመወዝተኛ ሆኖ በመቅረቱ፣ ምርቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ባለቤትነት ወደ መንግሥት ተዛወረ እንጂ ወደሚያለማው ሰው እጅ አልገባም ነበር።

ከአንድ ፓርቲ ወደ ሕዝብ ምርጫ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ብቸኛው ገዢ ፓርቲ ራሱ መንገዱን መለወጥ ጀመረ፤ በ1990 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመድበለ ፓርቲ ሥርዓትን አሰፈነ። ከነፃነት በኋላ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት፣ ከዚያ ግን ታስረው ለስደት የተዳረጉት ሚጌል ትሮቮአዳ በ1991 በሕዝብ ምርጫ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1995 እና በ2003 ወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት ቢያደርጉም፣ ሁለቱም በሰላም ድርድር በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተቀልብሰው ሕጋዊዎቹ ፕሬዚዳንቶች ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። ፒንቶ ዳ ኮስታም በ2011 በምርጫ አሸንፈው እንደገና ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2016ም ሥልጣናቸውን ለተተኪያቸው አስረክበዋል። ፕሪንሲፔም ከ1995 ጀምሮ የራሷ የክልል አስተዳደር አላት። በአካባቢው በርካታ አገሮች ለአሥርት ዓመታት በአንድ ሰው እጅ ሲቆዩ፣ ይህች አገር የሥልጣን ሽግግርን ልማድ ማድረጓ ክብር ሊሰጠው ይገባል።

የነዳጅ ተስፋና የዛሬው ኢኮኖሚ

በ2001 ሳኦ ቶሜና ናይጄሪያ የባሕር ወሰን ክርክራቸውን በጋራ ልማት ቀጠና ለመፍታት ተስማሙ፤ ከቀጠናው የሚገኘው ገቢም ስድሳው በመቶ ለናይጄሪያ፣ አርባው በመቶ ለሳኦ ቶሜ እንዲሆን ተወሰነ። በ2004 ገቢውን ከምዝበራ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የመጀመሪያው ጉድጓድ ተቆፈረ። ሆኖም ለሽያጭ የሚበቃ ዘይት አልተገኘም። ለቁጥጥሩ የተዘጋጀው ሕግ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም፣ ሕዝቡ በአንድ ሌሊት የመበልጸግን ተስፋ ለዓመታት እየጠበቀ ቆይቷል።

በአሁኑ ጊዜ አገሪቱ ከካካዎ፣ ከቱሪዝም፣ በይበልጥም ከውጭ ርዳታ ገቢ ትኖራለች። ምግብና ነዳጅ በብዛት ከውጭ ይገባሉ፤ መብራቱም በአመዛኙ በናፍጣ ጄኔሬተር ስለሚመነጭ ዘወትር ይቆራረጣል። ገንዘቧ ዶብራ ከ2010 ጀምሮ ከዩሮ ጋር በቋሚ ምጣኔ ተቆራኝቷል፤ በ2018ም ሦስት ዜሮዎች ተቀንሰውለታል። በ2007 አብዛኛው የውጭ ዕዳዋ ተሰርዟል፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ በማደግ ላይ ካሉት አገሮች ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት መዝገብ ወጥታለች። ይሁንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ወጣቶች ወደ ፖርቱጋል መሄዳቸው የመምህርና የነርስ እጥረት እንዳያባብስ ያሰጋል።

ተስፋ የሚታየው በትንሹ እርሻ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመንግሥት ሮሳዎች እየተከፋፈሉ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ሲታደሉ፣ ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ያለ ኬሚካል የሚያለሙትን ካካዎ በተሻለ ዋጋ ለአውሮፓ ቸኮሌት ሠሪዎች መሸጥ ጀመሩ። ማብላያ ሣጥኑና ማድረቂያው በማኅበሩ እጅ መሆኑ ገበሬው ለጥራቱ እንዲጨነቅ አድርጎታል፤ ጥራቱ የዋጋው ምንጭ ስለሆነ ትርፉ ወደ ራሱ ይመለሳል። የምርቱ መጠን ከ1913ቱ እጅግ ያንሳል፤ ግን በሮሳዎቹ መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ አልሚውና የፍሬው ባለቤት አንድ ሰው ሆነዋል።

ሕዝቡና ባህሉ

ከተለያየ ምድር የተሰበሰበው ሕዝብ ከፖርቱጋልኛ ጎን የራሱን ቋንቋዎች ፈጥሯል፤ ፎሮ፣ አንጎላርና የፕሪንሲፔው ሉንግዬ ከፖርቱጋልኛና ከአፍሪካ ቋንቋዎች ቅልቅል የተወለዱ ክሪዮል የሚባሉ ቋንቋዎች ናቸው። ጥበቡ በተለይ የሚታየው ቺሎሊ በተባለው የአደባባይ ትያትር ነው። ታሪኩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የማዴራው ባለቅኔ ባልታዛር ዲያስ የጻፈው ነው፤ የንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝ ልጅ የማንቱዋን ማርኪስ ወንድም ልጅ ይገድላል፤ የሟቹ ወገኖችም በንጉሡ ፊት ፍርድ ይጠይቃሉ። ወንዶች ብቻ የሚጫወቱት ይህ ትያትር በአውላላ ሜዳ ለሰዓታት ይቀጥላል፤ በሜዳው ሁለት ጫፎች የንጉሡና የከሳሾቹ ዳሶች ይቆማሉ፤ ጭምብል ያጠለቁ ተዋንያን በዋሽንትና በከበሮ ታጅበው ይገባሉ፤ ጠበቆቹም በዘመናዊ ልብስ፣ አንዳንዴም ስልክና የጽሕፈት መኪና ይዘው ይከራከራሉ። በመጨረሻ ንጉሡ ልጁን በሞት ይቀጣል። ለዘመናት ፍርድ ከማይደርስበት ጌታ ሥር የኖረ ሕዝብ ይህን ታሪክ መርጦ ከትውልድ ወደ ትውልድ ማሻገሩ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

የሳኦ ቶሜ ታሪክ ለሌሎች አገሮች የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው፤ ሀብት በአንድ ምርት ላይ ሲመሠረት፣ ያ ምርት ስኳርም ሆነ ካካዎ ወይም ነዳጅ፣ ዕድገቱ የሚጸናው ሠራተኛው ከፍሬው ድርሻ ሲኖረውና በሥራው ላይ የመወሰን መብት ሲያገኝ ብቻ ነው። በአማዶር ዓመፅ ጎልቶ የታየው ትግል ዛሬ በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በምርጫ ሣጥን ፊት ይቀጥላል፤ ስለዚህ የአገሪቱን ወደፊት የሚወስነው ከባሕሩ ሥር ዘይት መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ ሳይሆን፣ መሬቱን ለሚያለሙት ገበሬዎች የሚሰጠው የይዞታ ዋስትና፣ የብድር አቅርቦት፣ መንገድና መብራት ይሆናል። መንግሥትም፣ ለጋሽ አገሮችም፣ ቸኮሌት ገዢዎችም የሚመዘኑበት መለኪያ ይኸው ሊሆን ይገባዋል።